አጭሯ የቢሻሪ ቡና

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በመቱ አቅራቢያ ቢሻሪ በሚባል ስፍራ አንዲት አጭር የቡና ዛፍ ነበረች። ቅርንጫፎቿ ሰብሰብ ያሉ፣ ቅጠሏም ደቃቅ ነው። ጎረቤቶቿ ግን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ቅጠላቸውን እስከ መሬት አውርደው የሚቆሙ ነበሩና ባዩዋት ቁጥር ይንሾካሾካሉ።

«ጉልበቷ እኮ ይታያል!» ትላለች አንዷ።

«መካሪ እናት የላትም እንዴ?» ትላለች ሌላዋ።

ጉሬዛው ሳይቀር ነጭ ካባውን ደርቦ ከዛፍ ጫፍ ላይ ይፈርድባታል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ቁራ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ካለሁበትም ያው ነው» አለ። «መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሦስት ዓመት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1968 ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ቢዘጋጅ፣ የባዕድ ባህል መጣብን ብለው ረበሹ። ለገበሬው የተቆረቆረ አንጀታቸው ሚኒ ለለበሰች እህታቸው ጨከነ።» ዛፎቹ ግን ከቁራው ወሬ የያዙት ሚኒ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሯን «ሚኒ» አሏት።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና በሽታ አገሪቱ ውስጥ ታየ። ይህ በሽታ ቅጠል አይነካም። ገና ያልቀላውን እሸት ይይዝና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣበታል፤ ነጠብጣቡ ይሰረጉዳል፣ ፍሬው ወይ ይረግፋል ወይ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮ ይደርቃል። ባለ ረጃጅም ቀሚሶቹ ዛፎች ልብሳቸው እንዳማረ ቆመው ፍሬያቸው አለቀ። ያቺ አጭሯ ግን እንደ ጉድ አፈራች።

ጅማ አጠገብ ካለው ከመልኮ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታውን የቻለ ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ቢሻሪም ደረሱ። ቅርንጫፍ ገልጠው ፍሬ አዩ፤ ስለ ቁመቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ዘሯን ይዘው ሄዱ፤ ልጆቿም እ.ኤ.አ. በ1974 እንደ ተማሪ መታወቂያ ቁጥር ወጣላቸው፦ 74110፣ 74112 ተባሉ። ከዚያ በአጋሮ፣ በጎማ፣ በሊሙ ማሳዎች ተሰለፉ።

ልጆቹ ተከበሩ። አጭርነትም ወግ ሆነ።

ከዕለታት ባንዱ፣ አጋሮ ላይ በሰልፋቸው መሐል ከገራ ጫካ የመጣች ዘርፋፋ ችግኝ ተተከለች። ጥቂት ክረምት ቆይታ ቅርንጫፏ ሲንዠረገግ አጫጭሮቹ ተጠቃቀሱ።

«ይህን ሁሉ ምን ልትደብቅበት ነው?»

«ገና ከገጠር መምጣቷ ነው፤ አልሰለጠነችም።»

ይህን ድምፅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ገቢዋ ተማሪ ጂንስ ብታጠልቅ ካፌ በር ላይ ከእግር እስከ ራሷ ትለካለች፤ ጂልባብ ብትለብስ ወይም ነጠላዋን ብታጣፋ ደግሞ «ኋላ ቀር» ትባላለች። ሌሊቱን ስታጠና ያደረችበትን ፈተና የሚጠይቃት የለም። ያች ልጅ ጠዋት ጠዋት ልብስ እየቀያየረች ክፍል ስታረፍድ ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል።

ዘርፋፋዋ ቡና መልስ አልሰጠችም። ያረጀው ቁራ ግን አላስቻለውም።

«እናታችሁን ቢሻሪ ላይ ምን ይሏት እንደነበር ታውቃላችሁ?»

«እናታችንማ በሽታውን የቻለች ናት! ማን ደፍሮ ምን ይላታል?»

«ጉልበቷ ይታያል ይሏት ነበር። መካሪ የላትም ይሏት ነበር።»

ከሰልፉ ዳር የቆመች አንዲት 74112 አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ወደ ዘርፋፋዋ ዞራ፣ «እህቴ፣ ክንድሽን ዘርጊ፤ እኔ ላይ ቢያርፍም አይከብደኝም» አለቻት።

የቀሩት ሐሜታቸውን አልተዉም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለት የሚያሙት አገኙ።