ስለ ዛሪማ ምስለ ችሎት የወጣ የማስረጃና የሙግት አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከሊማሊሞ ግርጌ በዛሪማ የምትኖር፣ ከደባርቅ ጠመዝማዛውን ወርደህ፣ ከአዲአርቃይም ተነሥተህ ለውድድር የመጣህ ተሟጋች ሁሉ!

አያቶችህ ነጠላ አጣፍተው፣ «ተጠየቅ!» ተባብለው፣ በማርና በበቅሎ ተወራርደው በላ ልበልሃ ሲሟገቱ አገር ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። አንተ ግን ሙግትን ከፈረንጅ ፊልም ተምረህ ዳኛ ፊት «ኦብጀክሽን!» እያልህ ስለምትጮህ፤ ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ስድስቱ ታላላቅ ሕጎች ሲወጡም የማስረጃው ሕግ ረቂቅ ሆኖ ስለቀረና የምንገለብጠው ስላጣን፣ ይህን አውጀናል።

አንቀጽ 1። የውድድሩ መዝገብ የማር ስርቆት ነው። ማሩ በኤግዚቢትነት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በልምምዱ ዕለት ክስ ሲነበብ አፉ ድረስ ሞልቶ የነበረው ጣሳ ብይን ሲሰጥ ግርጌው ታይቷል፤ ከንፈሩም ላይ የሦስት ሰው ጣት መስመር ተገኝቷል። አንደኛው ጣት የማኅተም ቀለም ነክቶት ስለነበር ምርመራው በዕርቅ ተዘግቷል። ከእንግዲህ ኤግዚቢት በዓይን ብቻ ይመረመራል።

አንቀጽ 2። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 137 መሪ ጥያቄን ለመስቀለኛ ጥያቄ ፈቅዶ፣ በዋና ጥያቄ ላይ ግን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳይቀርብ ከልክሏል። ስለዚህ የራስህን ምስክር «ተከሳሹ ማሩን ሲልስ አይተኸዋል አይደል?» አትበለው። «ምን አየህ?» በለው፤ ከዚያ ጸልይ።

አንቀጽ 3። በእውነተኛው ችሎት ምስክርን ሐሰት ማስጠናት ወንጀል ነው። በዚህ ችሎት ግን ያላስጠና ይሸነፋል። ይህ እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ መምህራን ይወያዩበት፤ ምስክሩ ግን ከተሰጠው ወረቀት ውጪ አንዲት ፍየል እንኳ ቢጨምር ነጥብ ይቀነስበታል።

አንቀጽ 4። ለሻይ ሰዓት ሲባል ተዘሏል።

አንቀጽ 5። የስሚ ስሚ ማስረጃ አይሰማም። በአውጫጭኝ ዘመን አገር ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲውል፣ ስሙ የማይገለጥ ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። «ወፍ ነገረችኝ» የሚል ተሟጋች ወፏን አቅርቦ ለመስቀለኛ ጥያቄ ያስቀምጣት። ሌባ ሻይም ክልክል ነው፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሲንገዳገድ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ የሚባልበት ሥርዓት፣ ለዳኞች ቢያቀልም ለጎረቤት ይከብዳል።

አንቀጽ 6። ቀጠሮ መጠየቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። «መዝገቡ አልተገኘም»፣ «ዐቃቤ ሕግ መስክ ወጥተዋል»፣ «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ለሚያዝያ ይቀጠርልን» ማለት አይቻልም። ክስ በጠዋት ተሰምቶ ፍርድ ከምሳ በፊት ይሰጣል። አንዳንድ ታዛቢዎች «ይህማ ከእውነት የራቀ ነው፤ ልጆቹ ሲመረቁ ምን ሊሆኑ ነው?» ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው ተመዝግቦ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል።

አንቀጽ 7። «ኦብጀክሽን!» ከማለት ይልቅ «በሕግ አምላክ!» ማለት ይቻላል። የተባለበት ሰው ባለበት ይቆማል፤ ቁጭ ያለም ከሆነ ቁጭ እንዳለ ይቆማል። ዘንግ መነቅነቅ የተፈቀደ ሲሆን ጫፉ የባላጋራን አፍንጫ አያልፍም።

ይህ አዋጅ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው። ቅር ያለው አቤቱታውን በሦስት ቅጂ ያቅርብ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚከፈተው መብራት ሲመጣ ነው።