የተከበሩ ከበሮ

ዕድሜውን ሙሉ ሲደበደብ ለኖረ ከበሮ የተሰጠው ክብር እስካሁን ይከነክነኛል።

ለሙዚየም ሠራተኞች ልውውጥ ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ ስሄድ፣ ለኤግዚቢሽን በውሰት የተሰጠ ከበሮ አደራ ተጣለብኝ። ቅርስ አጃቢ ሳጥኑ ሲጫንም ሲወርድም ከአጠገቡ አይለይም፤ ስለዚህ እሱ ስፖንጅ ላይ ተንፈላሶ ሲጓዝ እኔ ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ።

እንደደረስን የስብስብ ኃላፊዋ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «24 ሰዓት ማንም እንዳይነካው!» ብላ አዘዘች። ምክንያት አላት። እንጨትና ቆዳ እርጥበት ይስባሉ፣ መልሰውም ይተፋሉ፤ ከጉዞው ብርድ ወጥተው ወዲያው ሙቀት ውስጥ ቢከፈቱ እንጨቱ ሊሰነጠቅ፣ ቆዳው ሊሸበሸብ ይችላል። ሳጥኑ እንደተዘጋ የክፍሉን አየር ቀስ ብሎ ይልመድ ነው ነገሩ። ቀጥላ ወደኔ ዞረች።

«ደከመዎት?»

«ኧረ ምንም አልል!»

«ግሩም! ከአሥር ደቂቃ በኋላ ገለጻ ያደርጉልናል።»

በማግስቱ ሳጥኑ ተከፈተ። ቅጽ ይዛ፣ ባትሪ እያበራች፣ የከበሮውን ጭረት ሁሉ መዘገበች፤ የትኛው የቆየ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ሳይቀር። ለእኔም አንድ ገጽ ቢደርሰኝ ብዬ ተመኘሁ፦ «ዓይን፦ የቀላ። ኮት፦ የተጨማደደ። ሁለቱም በጉዞ የደረሰ ጉዳት።»

ለድንቅነሽ ቢሆን አልቀየምም። በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዳ በ2005 የተመለሰች፣ በ2017 ደግሞ ፕራግ ድረስ የዘለቀች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት ናት፤ ትረፍ። ከበሮ ግን!

ሴትዮዋ እንዳትወቀስ ጠይቃለች። እኛ ዘንድ እንግዳ «አልደከመኝም» ይላል፣ ባለቤት «ደክሞሃል» ይላል፣ ክርክሩን የሚረታው ባለቤት ነው። እንግዳው ይታጠባል፣ ይበላል፣ «ምን እግር ጣለህ?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ዘንድ ግን ባንድ ቃል ረታሁ፤ ረትቼም እያዛጋሁ ገለጻዬን አቀረብኩ። ከበሮው ይሉኝታ የለውም፤ ምን እንደሚያስፈልገው በወረቀት ተጽፎለታል።

የእኛም መርታት ልክ አለው አልልም። አክስቴ ቤት የገባ ሰው ጠግቦም «በሞቴ!» ተብሎ ይጎርሳል፤ በረካው ሳይጠጣ ንቅንቅ የለም። ልውውጥ ነውና ኃላፊዋ ተራዋ ደርሶ አዲስ አበባ ልትመጣ ነው፤ አክስቴም ካላየኋት ብላለች። አስቀድሜ ላስጠነቅቃት ሞከርኩ፤ «በቃኝ ካለች እውነቷን ሊሆን ይችላል» አልኳት።

አክስቴ ከልቧ ሳቀች። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም።»