ነጩ ሚስክ ወይስ ጥቁሩ?

የሽቶ ሻጭ ምላስና የሽቶ ብልቃጥ አንድ ናቸው፤ ትንሽ ከተከፈቱ ሰፈር ያዳርሳሉ። መርካቶ ያገኘሁት የዘይት ሽቶ ነጋዴ ገና ዋጋ ሳልጠይቀው ግራ እጄን ነጭ ሚስክ፣ ቀኝ እጄን ጥቁር ሚስክ ቀብቶኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ሁለቱም የዘወትር ናቸው፤ ምርጫው ያንተ!»

ጥቁሩ ሳልጠጋው መጣ፤ ቆዳ ቆዳ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ የእንስሳ ነገር ያለበት። ነጩን ግን ባሸት ባሸት የለም። «ውሃ ነው እንዴ?» ብለው ደገመልኝ። አሁንም የለም። ሠለሰ። በነጻ ለመጣ ነገር ምን ስስት አለ? አንገቴንም ሰጠሁት። ከዚያ የቤት ሰዎች ይፍረዱ ብዬ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ጎማው ሳይንቀሳቀስ በግራዬ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ኧረ ማነው ኦሞ የደፋው?» አሉ። እኔም ከሰው ጋር ጎንበስ ብዬ ወንበር ሥር ፈለግሁ። በቀኜ ያለው ጎረምሳ ደግሞ «እማማ፣ እኔን የሸተተኝስ ፍየል ነው» አላቸው። ረዳቱ ከበሩ ዞሮ «ኦሞም ሆነ ፍየል፣ የጫነ ሰው ሂሳቡ ለብቻ ነው!» አለ። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ወደኔ መዞራቸውን ያየሁት።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባወር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ፈንጂ ሲቀምም ሚስክ ሚስክ የሚሸት ነገር እጁ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተፈለሰፉት ሰው ሠራሽ ሚስኮች ርካሽ ናቸው፤ ታጥበውም ከጨርቅ ቶሎ ስለማይለቁ የልብስ ሳሙና ፋብሪካዎች ወደዷቸው። ነጭ ሚስክ የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። አንዳንዱ አፍንጫ ደግሞ አንዱን ሚስክ ጨርሶ አያሸትም፤ የኔው አፍንጫ ማለት ነው።

የጥቁሩ ሽታ ዘር ከአውሬ ይመዘዛል። ጥንተ ሚስክ የሚገኘው ከእስያ ተራሮች አጋዘን ዕጢ ነበር፤ የኛ አገሩ ዘመድ ደግሞ ዝባድ ነው። በጅማና በኢሉባቦር በኩል በሳጥን ከተያዘ ጥርኝ ተፍቆ፣ በቀንድ ታጭቆ ባሕር ሲሻገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ሻኔል ቁጥር 5 እንኳ በቀድሞ ቅመማው ዝባድ ነበረበት። ዝባድ ሳይቀጥን ቢያሸቱት ያቅለሸልሻል፤ በጣም ሲቀጥን ግን ሌላውን ሽቶ ያሞቀዋል፣ ያቆየዋል። እንግዲህ ጎረምሳው ፍየል ቢል ምን ይፈረድበታል?

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለሥራ፣ ለታክሲ፣ ለቢሮ ነጩ፣ ያውም አንዲት ጠብታ። ጥቁሩ ለሰርግና ለማታ ይቆይ። እናንተም ስትገዙ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያሸታችሁ ሌላው ነውና። «አልሸተተኝም» ብላችሁ ግን አትደግሙ።