ለጓድ ሊቀመንበር፦ ምርጫን አሳምሮ የመሸነፍ ጥበብ

ጓድ ሊቀመንበር፣ እንኳን ደስ አለዎት! ፓርቲው በጭብጨባ መርጦዎታል፤ የቀረው አገሩ ብቻ ነው። እሱን ለማጣት ደግሞ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ መንገዱን የብሪታንያው ሌበር ፓርቲ አስቀድሞ ጠርጎታል። በ2015 የፓርቲው መሪ የሆኑት ጀርሚ ኮርቢን ረጋ ያሉ፣ ጓሮ አትክልት የሚኮተኩቱ፣ ላመኑበት ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ በየሰልፉ የቆሙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምርጫ መሸነፍ ከቻለ እርስዎንም አያቅትዎትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ነገር የሚወድዎ ሰው ይበልጥ እንዲወድዎ መሥራት ነው። የማይወድዎን ይተዉት፤ ሲገባው ይመጣል። ኮርቢን ለመሪነት ለመወዳደር የ35 የምክር ቤት አባላት ድጋፍ ያስፈልጋቸው ነበር፤ 36 የሞላላቸው ቀነ ገደቡ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። ከደገፏቸው አንዳንዶቹ ሰውየው ያሸንፋሉ ብለው አላሰቡም፤ ክርክሩ ሰፋ ይበል ብለው ስማቸውን አበደሯቸው እንጂ። ከዚያ 3 ፓውንድ የከፈለ ሁሉ ደጋፊ ተብሎ ይምረጥ ተባለና ኮርቢን በ59.5 በመቶ ድምፅ ተመረጡ። እርስዎም እንዲህ ያለ ውጤት ሲገጥምዎ የአገሩ ሕዝብ ልብ የተመዘነበት ሚዛን አድርገው ይቁጠሩት። ከኪሱ ከፍሎ ሊመርጥዎ የተሰለፈው ሰውና ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲመለስ በዝናብ ምርጫ ጣቢያ ልግባ ወይስ ቤቴ ልሂድ የሚለው ሰው አንድ ናቸው ብለው ይመኑ። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚባለውንም ይገልብጡት፤ ለአዳራሹ አልጋ፣ ለጎዳናው ቀጋ ይሁኑ።

ከአዳራሹ ውስጥም ቢሆን የሥራ ባልደረቦችዎ እንዲያምኑብዎ አይጨነቁ። በሰኔ 2016 የሌበር የምክር ቤት አባላት በኮርቢን ላይ ድምፅ ሲሰጡ እምነት የለንም ያሉት 172፣ አለን ያሉት 40 ነበሩ። የፓርቲው ተራ አባላት ግን ኮርቢንን በ61.8 በመቶ መልሰው መረጧቸው። የማን ድል እንደሆነ ለማወቅ አይቸገሩ፤ ቤቱ ተቀምጦ ዜናውን የሚያይ ሰው ግን የራሳቸው ሰዎች ያላመኗቸውን እኔ ምን ብዬ ልመን ማለቱ አይቀርም። ይበል።

ቀጥሎ ስለ አፍ። በተመረጡ በቀናት ውስጥ ኮርቢን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በተደረገ መታሰቢያ ላይ ተገኙ፤ በጀርመን የአየር ድብደባ ጊዜ ለተዋጉት አብራሪዎች 75ኛ ዓመት። ዙሪያቸውን ያለው ሁሉ ብሔራዊ መዝሙሩን ይዘምራል፤ እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል። ሰውየው ዘውድ አይፈልጉም፤ ስለማያምኑበት አልዘመሩም። ሐቀኝነት ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በሰሜን እንግሊዝ በአንድ የማዕድን መንደር የሚኖር፣ አያቱም አባቱም ሌበርን የመረጡ፣ የወንድሙ ልጅ ወታደር የሆነ ሰው ያን ፎቶ ሲያይ የባቡር ትኬት ዋጋ ሊቀንስለት ያሰበ ሰው አልታየውም። የታየው የተገጠመ አፍ ነው። እርስዎም ሕዝቡ ስለ እርስዎ የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር እንዲህ ያለ እንዲሆን ይጣሩ፤ ኋላ ለማስረሳት ዓመታት ይፈጃል።

ይህ ለፓርቲው አዲስ አልነበረም። በ1981 መሪው ማይክል ፉት በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ላይ አጠር ያለ አረንጓዴ ካፖርት ለብሰው ቢቆሙ ጋዜጦቹ የቀን ሠራተኛ ጃኬት ነው አሉ። እንደ ፉት አነጋገር ከሆነ የንግሥቲቱ እናት ካፖርቱን አድንቀውላቸዋል። በ1983ቱ ምርጫ ፓርቲያቸው 27.6 በመቶ አገኘ። ካፖርቱ ዛሬ ማንችስተር ከተማ ባለ ሙዚየም ውስጥ ነው።

በሚያሸንፉበት ቀን ደግሞ ራስዎን የሚያሸንፉበት ዘዴ አይጥፋዎ። በኅዳር 2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን ድጎማ ለመቁረጥ የያዙትን ዕቅድ ምክር ቤት ቀርበው ሰረዙ። ለሌበር ከዚህ የበለጠ ሠርግና ምላሽ አልነበረም። መልስ ለመስጠት የተነሡት የኮርቢን የቅርብ ጓድ ጆን ማክዶኔል ግን ከኪሳቸው ምን አወጡ? የማኦን ትንሽ ቀይ መጽሐፍ። መንግሥት የአገሩን ንብረት ለቻይና እየሸጠ ነው ለማለት በቀልድ አነበቡላቸውና መጽሐፉን ወደ ኦስቦርን ወረወሩት። ኦስቦርን ገለጥ አድርገው አዩና የራሳቸው የማክዶኔል ፊርማ ያለበት ቅጂ ነው ብለው ቀለዱ፤ ምክር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ የሚወራው ስለ መጽሐፉ ሆነ፤ ድጎማውን ማን አስታወሰው? በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ያቺን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የዞረ የእኛ አገር አንባቢ ሳይስቅ ይህን የሚያልፈው አይመስለኝም።

አንድ አደጋ ግን አለ፦ ሳያስቡት ሊያሸንፉ ይችላሉ። በ2017 ቴሬዛ ሜይ ሌበር ደክሟል ብለው ምርጫውን አስቀድመው ጠሩ። ኮርቢን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይቅር፣ ባቡር ወደ መንግሥት ይመለስ እያሉ በየከተማው ዞሩ፤ ሜይ በበኩላቸው አረጋውያን ለእንክብካቤያቸው ከቤታቸው ዋጋ ይክፈሉ የሚል ዕቅድ አውጥተው የገዛ መራጫቸውን አስደነገጡ። ሌበር 40 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ 30 መቀመጫ ጨመረ፤ ሜይ አብላጫቸውን አጡ። ግራ ሰውን አገር አይመርጥም የሚሉትን ሁሉ ዝም ያሰኘ ውጤት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ ነው ንቁ መሆን ያለብዎ። ሌበር 262፣ ወግ አጥባቂዎቹ 317 መቀመጫ ነበራቸው፤ ኮርቢን ተሸንፈዋል ማለት ነው። እርስዎ ግን እንዳሸነፉ ያክብሩ። ኮርቢን በዚያው ወር ግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ላይ መድረክ ወጡ፤ ወጣቱ ስማቸውን በዜማ ጠራ። በገዛ የምርጫ ክልላቸው በሰሜን ኢዝሊንግተን ተከታያቸውን የበለጡት ከ33 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ምርጫ፣ ሌበር ኬንዚንግተንን የወሰደው በ20 ድምፅ። ሁለቱም አንድ አንድ መቀመጫ ናቸው። የብሪታንያ ምርጫ ፍቅርን በኪሎ አይመዝንም፤ ኢዝሊንግተን የተትረፈረፈው ድምፅ ሰሜን ላይ ለጎደለው አይሻገርም። ይህን የሚነግርዎ አማካሪ ካለ ያሰናብቱት።

የፓርቲው አይሁዳውያን አባላት ስድብና ዛቻ ደረሰብን ብለው ሲያመለክቱም ጉዳዩን ያጓቱት። የእኩልነት ኮሚሽኑ በ2020 ፓርቲው ሕግ ጥሷል እስኪል ድረስ ጊዜ አለዎት።

ከዚያ 2019 ይመጣል። አገሩ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ በሚል ለሁለት ተከፍሏል። እርስዎ አዲስ ስምምነት ተደራድሬ አመጣለሁ፣ ሕዝቡ ይወስን፣ እኔ ግን ከየትኛውም ወገን አልቆምም ይበሉ። ኮርቢን በቴሌቪዥን እንዲሁ አሉ። መውጣት የፈለገው አላመናቸውም፤ መቅረት የፈለገውም እፎይ አላለም። በጎን ተስፋውን ይከምሩ፦ ነፃ ኢንተርኔት ለሁሉም፣ ውሃና መብራት ወደ መንግሥት። የምርጫ ሰነዱ ከወጣ ከቀናት በኋላ ደግሞ የጡረታ ዕድሜ ለተራዘመባቸው ሴቶች 58 ቢሊዮን ፓውንድ ካሣ ጨመሩ፤ በሰነዱ ሒሳብ ውስጥ ያልነበረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተስፋዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙ ሰው የሚወዳቸው ነበሩ፤ ሁሉም ባንድ እጅ ሲቀርቡለት ግን ማነው የሚከፍለው ብሎ ተጠራጠረ።

ውጤቱ 202 መቀመጫ፣ ከ1935 ወዲህ ዝቅተኛው። የሌበር መቀመጫ የነበረችው ብላይዝ ቫሊ በ712 ድምፅ ሄደች። የቀድሞው ከሰል ቆፋሪ ዴኒስ ስኪነር 49 ዓመት የያዙት ቦልሶቨር ሄደ።

በዚህ መሐል ክሌመንት አትሊን የሚያነሣብዎ ሰው ቢመጣ ጆሮ አይስጡት። አትሊም ግራ ነበሩ፤ የከሰል ማዕድኑንና ባቡሩን ወደ መንግሥት ያዞሩ፣ ነፃውን ሕክምና በ1948 ያስጀመሩ። በ1945 393 መቀመጫ ይዘው ቸርችልን ድል አደረጉ። ግን እሳቸው ጋሊፖሊ የዘመቱ ሻለቃ፣ በሁለተኛው ጦርነት ለዓመታት የቸርችል ምክትል ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ የታዩ ሰው ነበሩ። ያንን ሁሉ ለውጥ ሲያመጡ መራጩ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር። ለእርስዎ ይህ አድካሚ ነው።

ሲሸነፉ ክርክሩን ግን አሸንፈናል ብለው ይጻፉ፤ ኮርቢን በሦስተኛው ቀን ጽፈውታል። በ2024 ኮርቢንን በሌበር መሪነት የተኩት ኪር ስታርመር፣ ኮርቢን በ2019 በተሸነፉበት ዓመት ካገኙት ያነሰ ድምፅ፣ 9.7 ሚሊዮን፣ ይዘው 411 መቀመጫ ወሰዱ። ለደጋፊዎችዎ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይንገሩ። የቀኙ ድምፅ ለሁለት እንደተከፈለ፣ የሌበርም ድምፅ ከኢዝሊንግተን ይልቅ በየጠባቡ ፉክክር ውስጥ እንደተበተነ አያንሡ። ኮርቢን ራሳቸው በዚያ ምርጫ በግል ተወዳድረው ኢዝሊንግተንን አሸነፉ፤ ጎረቤቶቻቸው አሁንም ይወዷቸዋል።

መጨረሻ ላይ አዲስ ፓርቲ ይመሥርቱ፣ ከዚያም ከጓድዎ ጋር ይጣሉ። የመኢሶንንና የኢሕአፓን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። በ2025 ኮርቢንና የምክር ቤት አባሏ ዛራ ሱልጣና አብረው ፓርቲ እንደሚያቋቁሙ ታወጀ። በሴፕቴምበር ሱልጣና የአባልነት መመዝገቢያ ከፈቱ፤ ሰው ከፍሎ መመዝገብ ሲጀምር ኮርቢንና ሌሎች የምክር ቤት አባላት እኛ አልፈቀድንም፣ ከባንክ ሒሳባችሁ እንዲቆረጥ የፈቀዳችሁትን ክፍያ አስቁሙ ብለው ለደጋፊዎቻቸው ጻፉ። ፓርቲው ገና ቋሚ ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር።