ከበረካ በፊት የሚበስል

ድስት ይዘሽ ቤት ለቤት የምትዞሪ እህቴ፣ ዘንድሮ ወደ መተማ የምትወርጂ ከሆነ ከድስቱ በፊት ምግቡን አስቢበት። «ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል» የሚሉሽን አትስሚ። ራሱን የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ መርካቶ እንደተደረደረ ያልቅ ነበር፤ አንቺም ከጎንደር ቁልቁል ወርደሽ በመጋቢት ሙቀት ኩልሽን በላብ አታጥቢም ነበር። ድስቱን የሚሸጠው ውስጡ የሚሠራው ምግብ ነው። ያ ምግብ ቶሎ ይድረስ፣ ድስቱን አይያዝ፤ ከሁሉም በላይ ግን ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷም በቤቷ የማትሠራው ይሁን።

ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። ሰው የሚያውቀውን ምግብ ፊቱ ከሠራሽለት ይፈርድብሻል። ዶሮ ወጥ ለመሥራት ብትነሺ ጉድሽ ፈላ። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት እስኪወጣላት፣ በሎሚና በጨው ታሽታ እስክትጠራ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ እያለ ውኃውን እስኪጨርስ፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ድረስ እንግዶችሽ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አምጥተው፣ ራት አብልተው፣ አስተኝተው ይመለሳሉ። ደግሞም ከወዲያ ጥግ ተቀምጣ፣ ገልጣ ሳታይ አሽትታ ብቻ «ቁሌቱ አልበሰለም» የምትል አንዲት እናት አትጠፋም። እሷ ባለችበት ቤት ድስት አይሸጥም።

ሥጋም አይሆንሽም። መተማ የክርስቲያንም የሙስሊምም ከተማ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፣ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። ማን እንደባረከው ያልታወቀ ጥብስ ይዘሽ ብትቀርቢ ግማሹ እንግዳ እጁን ይሰበስባል፤ እጁን የሰበሰበ ሰው ቦርሳውን አይከፍትም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲደማመሩ ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማል፤ ረመዳንም የራሱን ወር ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ቀን ስታገኚ ሳትውዪ ሳታድሪ ዕንቁላል ግዢ።

ዕንቁላል የዚህ ሙያ ባለውለታ ነው። ያለ ጠብታ ዘይት ታፈስሺዋለሽ፣ ጥቂት ትታገሺዋለሽ፣ መጥበሻውን ወደ ግራ ታዘነብዪዋለሽ፤ ይንሸራተታል። ወደ ቀኝ ታዘነብዪዋለሽ፤ ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ዝም በይ። «ውይ! አልያዘም እኮ!» የሚለው ቃል ከእንግዶቹ አፍ ይውጣ እንጂ ከአንቺ አይሁን። ከቆላው ሕዝብ ዕንቁላል አልንሸራተት ብሎት የተራበ ስለመኖሩ የተሰማ ነገር የለም። ቢሆንም መፍትሔው ሲመጣ ችግር እንደነበረብን ይገባናል፤ ከጓዳ ዕቃ እስከ ትልልቁ ፕሮጀክት እንዲህ ነው የለመድነው።

ሰዓትሽን በቡናው አስተካክዪ። አቦል ሲቀዳ ሽንኩርትና ካሮቱ ይግባ፤ ቶና ላይ ዕንቁላሉ ይንሸራተት፤ በረካ ላይ የሽያጭ ደብተሩ ይከፈት። ከበረካ በፊት የተነሣ ሰው በረከቱን ትቶ እንደሄደ ስለሚቆጠር ማንም አይነሣብሽም። የሽያጭ ባለሙያዎች ደንበኛን ወንበሩ ላይ ለማቆየት ስንት ዘዴ ሲፈልጉ ይኖራሉ፤ አያቶቻችን በሦስት ሲኒ ጨርሰውታል። ወጪም የለብሽ። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ፈንዲሻው የባለቤቷ ነው። ዕጣኑንም ቢሆን የመተማና የቋራ በረሃ ዛፎች ስለሚያፈሩት ከሩቅ አይመጣም። ለባለቤቷ ስትወጪ አንዲት ማማሰያ ትሰጫታለሽ፤ እሷም ጎረቤቶቿን በማማሰያ የለወጠች መሆኗን ሳታውቅ ትመርቅሻለች።

የሙያሽ አያት ብራውኒ ዋይዝ የተባለች አሜሪካዊት ናት። ኤርል ተፐር የፈለሰፈው ባለክዳን ፕላስቲክ ሱቅ ውስጥ ገዢ አጥቶ አቧራ ሲጠጣ፣ እሷ ሴቶችን ቤት ሰብስባ፣ ዕቃውን ፈሳሽ ሞልታ፣ ከድና ሳሎን ውስጥ ትወረውረው ነበር፤ ጠብታ አይወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1951 ተፐርዌር ከሱቅ መደርደሪያ ወጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ መሸጥ ጀመረ። በ1954 ሴትዮዋ በቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ከእሷ በፊት እዚያ ሽፋን ላይ የወጣች ሴት አልነበረችም። በ1958 ኩባንያው አሰናበታት። በ2024 ደግሞ ኩባንያው ራሱ የኪሳራ ማመልከቻ ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ለእንግዶችሽ እስከ መጽሔቱ ሽፋን ድረስ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለቡና ጨዋታ አይሆንም።

ስለ ድስቱ ሲጠይቁሽ «ግራናይት ነው» በይና እለፊ። ግራናይት የሚባለው ድስት አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም መሆኑን፣ ድንጋይ የሚያስመስለው ነጠብጣብም የቅብ ጌጥ መሆኑን መዘርዘር አይጠቅምሽም። ቅቡ ብዙ ጊዜ የቴፍሎን ዘመድ ነው፤ ሮይ ፕላንኬት የሚባል የዱፖንት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 ሌላ ነገር ሲፈልግ በአጋጣሚ ያገኘው። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ በጣም ከጋለ ጭሱ በጎጆ የሚያሳድጉትን ወፍ ይገድላል። ባዶ ድስት ከሰል ላይ ጥዶ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ማለት ደግሞ የእኛ ወጥ አንደኛ ክፍል ትምህርት ነው። ስለዚህ የራስሽን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘሽ ሂጂ፤ እሳቱን አለስልሺው፤ የባለቤቷ ከሰል ለጀበናው ብቻ ይሁን። ከታጠበም አንቺው እጠቢው። የቤቱ ሰው ካጠበው በሽቦ ይፈትገዋል፤ ግራናይቱም ዕለቱን ወደ አሉሚኒየምነቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። በሩን ዝጊው፣ እንግዶቹ እንዳያዩ።

«በአምስት ደቂቃ የሚደርስ» ያልሽው ምግብ እዚህ ነው የተሠራው። አምስቱ ደቂቃ የሚቆጠረው እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ሽንኩርቱ ሲላጥ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሲፈለፈል፣ ካሮቱ እንደ ክር ሲቀጥን፣ ድንቹ አስቀድሞ ሲቀቀል፣ ውኃው በጀሪካን ሲቀዳ ሰዓትሽን አውልቀሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ይህን ሁሉ የሠራችው ከደጋ ወርዳ በዚህ ቤት የተቀጠረች ልጅ ናት። የእሷ ሰዓት በምግቡ ሰዓት ውስጥ አልገባም፤ በደሞዟ ውስጥም እምብዛም አልገባም። ሳሎን ውስጥ ስትታይ ትሪ ይዛ ነው፤ ከሽንኩርቱ የተነሣ ዓይኗ ቢቀላ «ሙቀቱ ነው» ይባላል። አንቺ በዚያው ቅጽበት ድስቱን ከፍ አድርገሽ «ሴትን ከጓዳ ነፃ የሚያወጣ» ትያለሽ፤ ይጨበጨብልሻል። ልጅቷም የተጠቀሙበትን ሲኒ ሰብስባ ትመለሳለች፣ ወደ ጓዳ።

የጥበቡ ልክ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው። የገዛችው ሴት ሠራተኛ የላትም። ድስቱን ትጥዳለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ውኃ አልቋል፤ አንቺ በአምስት ደቂቃ ያደረስሽው እሷ ዘንድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ታዲያ ድስቱ ዋሸኝ ትላለች? አትልም። «እኔ ነኝ እንጂ ያልቻልኩበት» ትላለች። ከዚህ የተሻለ ዋስትና የትኛውም ፋብሪካ አይሰጥም፤ ዕቃውን የሚመልስ የለም፣ ቅሬታም አይሰማ። የሴትን ድካም ቆጥሮ የማያውቅ አገር ላይ ጊዜ ቆጣቢ ዕቃ መሸጥ ያዋጣል፤ ምን ያህል እንደቆጠበ ማን ያውቅብሻል?

መተማ ላይ ግን የሚያሰጋሽ አለ፤ እውነተኛ ፈጣን ምግብ። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ በገላባት በኩል ስንቱ ከነልጁ ተሻግሯል፤ ኪስራ የምትጋግር ሱዳናዊት ካየሽ መንገድ ቀይሪ። ቀጭኑን የማሽላ ሊጥ ጋል ባለ ብረት ላይ ታፈስሰዋለች፣ ገርገሪባ በሚሏት ከዘንባባ በተሠራች መዘርጊያ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች፣ ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ወረቀት ይነሣል። አይዝም! ደግሞ የሚያናድደው፣ ሊጡ ትናንት የቦካ መሆኑን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። ጓዳዋን የማትዘጋ ሻጭ ገበያ ታበላሻለች። በየቤቱ ስላለው የሸክላ ምጣድም ዝም በይ፤ በጎመን ዘር ከተሟሸ እንጀራ አይዝበትም፤ ይህንንም ለማሳየት ማንም ግብዣ ጠርቶ አያውቅም። የሰሊጥ ፍትፍትን ደግሞ ስሙንም አታንሺ። ሰሊጡ ከጓሮ፣ ብረት ምጣድና ሙቀጫ፣ ውኃ፣ አለቀ። ከዚያ ውስጥ አንቺ ምኑን ትሸጪያለሽ?

ገበያተኛውም ቢሆን ልጅ አይደለም። ይህ ቦታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተክሩር የተባለው ሕዝብ ሼሆች ሲያስተዳድሩት ለኢትዮጵያም ለማዶውም ግብር እየከፈለ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ሰውም ሳይቀር ሲያሻሽጥ የኖረ ነው። ጎረቤቱ ቋራ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ነው፤ ተቀናቃኞቻቸው እናታቸውን «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቡባቸው ነበር። ስድብ መሆኑ ይገርማል፤ ኮሶ ሻጭ እኮ በሽተኛው ራሱ ፈልጓት የሚመጣ፣ ዕቃዋም የሚሠራ ነጋዴ ናት። ሠርቶ ማሳያ ብታዘጋጅ ኖሮ ማን ይቀመጥላት ነበር?

መብራት ቢጠፋብሽ ደግሞ አትደንግጪ፣ ጋዝሽ አለ። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኽዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር 230 ኪሎ ቮልት መስመር እዚህ አገር ላይ ተዘርግቷል፤ ኃይሉ ሱዳን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሽቦው ሥር ባሉ ገጠሮች ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ሲያልፉ ብታዪ ግን «የኤሌክትሪክም አለን» ብለሽ ካታሎጉን አትዘርጊ። ለነሱ በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ምግቡ ሳይሆን ምሣር ያረፈበት ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው፤ ያንን ምድጃ የሚያሻሽሉት ምርጥና ላቀች የተባሉት ምድጃዎች ግን አያብረቀርቁም፤ ክዳናቸውም መስታወት አይደለም።

ክፍያውን በሰሊጥ አስሪው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የቆላው ገንዘብ መሬት ውስጥ ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ፣ ደርቆ እስኪራገፍ ድረስ ጥሬ ብር የለም። ስለዚህ «ሰሊጥ ሲራገፍ ትከፍላላችሁ» በይ፤ ማንም እምቢ አይልሽም፣ ጎረቤት ፊት እምቢ ማለት ያሳፍራልና። ሰሊጡ ምርት ገበያ ደርሶ ዋጋው ቢወድቅ የድስትሽ ዋጋ አብሮ አይወድቅም፤ እሱ እንደ ዕንቁላሉ አይንሸራተትም። የዕቃ ዕቁብ ካላቸው ደግሞ እሰየው፤ ለበጎ የተሰባሰበ ገንዘብ ነው፣ ሰብስቦ መንገድ የጠረገልሽም ራሱ ሕዝቡ ነው።

ከአንዲት ሴት ብቻ ተጠንቀቂ። በአዝመራ ጊዜ እርሻ ካምፕ ወርዳ ሳሉግ ለሚባሉት የአዝመራ ሠራተኞች የምታበስል ናት፤ ክንዷን አይተሽ ትለያታለሽ። በረካዋን እስክትጨርስ አንዲት ቃል አትናገርም። ከዚያ ድስቱን አንሥታ ትመዝነዋለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ክዳኑን ወደ ጎን ታደርገዋለች።

«እህቴ፣ ለስልሳ ሰው ሽሮ የምሠራው በዚህ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ነው?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለዘመናዊ ቤተሰብ ነው።»

«እነሱን ታዲያ ማን ያብላቸው?»

ለዚህ መልስ አልተዘጋጀም። በፍጥነት ወደ ዕንቁላሉ ተመለሺ፤ ለሚቀጥለው ግብዣም ሰው ስትጠሪ እሷን እንዳትጠሪያት።