ልክ የማጣት ጥበብ፦ ለኮሌጅ አመልካቾች የተሰጠ ምክር

ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ተነሥተሃል። ውጤትህ ተልኳል፣ የመምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፏል፣ የወላጆችህ የገቢ ማስረጃም ተሟልቷል። የቀረው ኤሴይ የሚሉት ድርሰት ብቻ ነው። ምን ልጻፍ ብለህ አትጨነቅ፤ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ልጻፍ የሚለው ነው። የምትለውን ከማወቅህ በፊት ርዝመቱን ወስን። የሚከተሉት ምክሮች በየቤቱ ተፈትነው ያለፉ ናቸው።

አንደኛ፦ ገደቡን እንደ ቀልድ ውሰደው

ኮመን አፕ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረ፣ ዛሬ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ነው። ዋናው ድርሰት ከ250 ቃል እንዳያንስ፣ ከ650 እንዳይበልጥ ያዛል። አንተ ግን ይህን 650 የሰርግ ጥሪ ካርድ ላይ እንደሚታተም ሰዓት እየው፤ ማን በሰዓቱ ሲመጣ አይተሃል? 900 ቃል ጻፍ። ሳጥኑ አልቀበልም ካለህ ከታች ወደ ላይ ቁረጥ። ዋናውን ሐሳብ ለመጨረሻ አስቀምጠኸው ከሆነ ደግሞ እሱ ብቻ ተቆርጦ መግቢያው እንዳማረበት ይተርፋል።

ሁለተኛ፦ ነገርን ከሥሩ ጀምር

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። ጥያቄው ስለገጠመህ አንድ ፈተና ቢሆን እንኳ በቀጥታ ወደ ፈተናው መግባት ብልግና ነው። አያትህ ከየት እንደመጡ አስረዳ፤ ቀጥሎ የተወለድክበትን ሌሊት፣ ዝናቡን፣ አዋላጇን ግለጽ። 400ኛው ቃል ላይ አንደኛ ክፍል ከገባህ ቸኩለሃል ማለት ነው። ፈተናውን በመጨረሻዋ አረፍተ ነገር «ይሁን እንጂ ሁሉንም ተወጥቻለሁ» ብለህ ዝጋው።

ሦስተኛ፦ ቤተሰብህን ሰብስበህ አስነብብ

ይህኛው በተለይ እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እና አሌክሳንድሪያ ላደጉት ልጆች ነው። ድርሰቱን እሁድ ከቡና በኋላ አውጣው። አባትህ መነጽሩን እያስተካከለ «በሱዳን በኩል የወጣሁትን አልነካኸውም እኮ» ይልሃል። 200 ቃል ጨምር። እናትህ «ሌሊት እየሠራሁ ያሳደግሁህስ?» ትልሃለች። 150 ቃል። አጎትህ ምንም ሳያነብ «ስለ ዓድዋ አንድ መስመር እንኳ የለም?» ይላል። 80 ቃል። ሲደመር 430 ነው፤ ከ650ው ላንተ 220 ተረፈህ። እሱንም ለምስጋና ታውለዋለህ።

አንተ ከትምህርት ቤት መልስ ታናሽ እህትህን ሒሳብ ስታስጠና ያስተዋልከው ነገር፣ ወላጆችህን ሐኪም ቤት እያጀብክ ማስተርጎምህ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ አያገኙም። ግን አትዘን። ድርሰቱን የሚያነበው የቅበላ ሠራተኛ አባትህን እጅግ ይወደዋል። ማመልከቻው በአባትህ ስም ቢሆን ኖሮ ሳያመነታ ይቀበለው ነበር።

አራተኛ፦ ቃሉን አሳብጠው

«መጽሐፍ እወዳለሁ» ብለህ የምታልፍ ሰው መቼም ትልቅ ደረጃ አትደርስም። እንዲህ በል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ አሁኗ ሰዓት ድረስ ለመጻሕፍት ያለኝ ጥልቅ ፍቅር ከዕለት ወደ ዕለት እየጨመረ የመጣ መሆኑን በታላቅ ትሕትና ለመግለጽ እወዳለሁ።» 2 የነበረው ቃል 20 ሆነ። የትኛውን መጽሐፍ እንደምትወድ ግን አሁንም አልታወቀም፤ የጥበቡ ጫፍ እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፦ የሚከራከርህን በታሪክ ርታው

አጭር ይሻላል የሚል መምህር ካጋጠመህ አሜሪካ ውስጥ ጌቲስበርግ ላይ የተደረጉትን ሁለት ንግግሮች ጥቀስበት። እ.ኤ.አ. በ1863 ኤድዋርድ ኤቨሬት እዚያ ቆሞ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ፤ አብርሃም ሊንከን ተከትሎት 270 ገደማ ቃል ብቻ ተናግሮ ወረደ። እንግዲህ አስተውል፦ ኤቨሬት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው፤ ሊንከን ግን ኮሌጅ አልተማረም። የትኛው ርዝመት ኮሌጅ እንደሚያስገባ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ኤቨሬት በማግስቱ ለሊንከን የአድናቆት ደብዳቤ መጻፉን ግን ለመምህርህ አትንገረው።

ስድስተኛ፦ ከደከመህ 251ኛው ቃል ላይ ቁም

«ዝምታ ወርቅ ነው።» ዝቅተኛውን በአንድ ቃል አልፈሃል፤ ሕግ አልጣስክም። የጀመርከው ታሪክ እንዴት እንዳለቀ አንባቢው ራሱ ይገምት። እሱስ ደመወዝ የሚበላው ለምንድን ነው?

ሰባተኛ፦ ለሁሉም አንድ ልክ ስፋ

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከስምንት ጥያቄ አራት አስመርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይፈቅዳል። የብሪታንያው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ተቋም፣ ዩካስ፣ የሚቆጥረው ቃል ሳይሆን ሆሄ ነው፤ በመካከል ያለውን ክፍት ቦታ ጨምሮ 4,000። እ.ኤ.አ. በ2026 ለመግባት ከሚያመለክቱት ተማሪዎች ጀምሮ ደግሞ ያንኑ ልክ በሦስት ጥያቄ ከፍሎታል። ዬል በ200 ሆሄ የሚመለሱ አጫጭር ጥያቄዎች አሉት። ይህን ሁሉ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። ያንኑ ድርሰት ለሁሉም ገልብጥ፤ በሞላበት ይቁም። ለካሊፎርኒያም አራቱን መልስ ስለዚያው አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አድርገው፤ በአራተኛው ጨዋታውን መሸነፍህን ትነግራቸዋለህ። ዬል ላይ ሰላምታህ ከገባ በቂ ነው።

ስምንተኛ፦ ትርፍራፊውን አትጣል

ኮመን አፕ «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ሌላ ሳጥን አለው። ለሕመም፣ ለትምህርት ቤት መቀያየር፣ ማብራሪያ ለሚያስፈልገው ነገር ነው ይላሉ። አንተ ከድርሰቱ የተቆረጠውን ሁሉ ድፋበት። ቀድሞ 650 ቃል ይይዝ የነበረው ይህ ሳጥን አሁን ወደ 300 ወርዷል። ሰዎቹ ይህን ያደረጉት ለምን እንደሆነ ለማሰብ አትሞክር። ለአጎትህ ዓድዋ እንደሆነ ይበቃል።

ዘጠነኛ፦ መቁረጡን ለመጨረሻው ሌሊት አቆየው

ኮመን አፕ ቀነ ገደቡን የሚቆጥረው አመልካቹ ባለበት አገር ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠህ የምታመለክት ከሆነ 11፡59 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብበው። ከሌሊቱ 5፡59 ላይ መዘጋቱን ረስተህ፣ ሊነጋጋ ሲል 11፡59 ድረስ ጊዜ አለኝ ብለህ 250 ቃል ለመቁረጥ ቡናህን አፍላ። በር ከተዘጋ በኋላ የሚቆረጥ ቃል አያሳሳም።

ዐሥረኛ፦ ጮክ ብለህ እንዳታነበው

ያነበቡት የደረሰባቸውን እናውቃለን። ምላስ የሚያደናቅፈውን አረፍተ ነገር ሰረዙት። ሁለቴ ከተባለው አንዱን አነሡት። አያታቸውን በአክብሮት አሰናብተው በገዛ ጉዳያቸው ጀመሩ፤ ታሪኩ ሲያልቅም አቆሙ። ቢቆጥሩት 540 ቃል ሆነ። 110 ቃል ሙሉ ባዶ ትቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት እንግዲህ ምን ይባላል? ሰውስ ምን ይላል?