መግቢያው ፈገግታ፣ መውጫው ክፍያ?

ሎንዶን ውስጥ መኪና የያዘ ሐበሻ ይህን የስልክ ወግ ያውቀዋል። ኢንሹራንሱን ማክሰኞ ማታ ይገዛል፤ ዓርብ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸፍነው ሌላ ኩባንያ ያገኛል። ወይ ደግሞ የመኪናው ሻጭ ቃሉን ያጥፍና ኢንሹራንሱ ያለ መኪና ይቀራል። ደውሎ "ሰርዙልኝ" ሲል፣ በገዛበት ቀን ማንም ያላነሳለት ክፍያ ይነገረዋል። መልስ አጥቶ ስልኩን የሚዘጋው ብዙ ነውና ዛሬ መልሱን እኛ እንስጥ።

"ውል ገብተዋል እኮ!" ይሉናል።

ገብተናል። እናንተም የገባችሁት ከሕግ በታች ሆናችሁ ነው። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤፍሲኤ ባወጣው ደንብ፣ የመኪና ኢንሹራንስ የገዛ ግለሰብ ያለ ቅጣት፣ ምክንያትም ሳይሰጥ የሚሰርዝበት 14 ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረው ውሉ ከተያዘበት ወይም ሰነዱ እጃችን ከገባበት ጊዜ ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይያዝልናል።

"ሽፋን ላገኙበት ቀን ግን መክፈል አለብዎት።"

እንከፍላለን! የሰው ድካም መብላት አናውቅም። የዓመቱ አረቦን 730 ፓውንድ ከሆነ የቀኑ 2 ፓውንድ ነው፤ አምስት ቀን ከሸፈናችሁን 10 ፓውንዳችሁን ውሰዱ። አንድ ሲኒ ቡና የጠጣ እንግዳ ግን የጀበናውን ዋጋ አይጠየቅም።

"የአስተዳደር ወጪም አለብን።"

እዚህ ላይ ጠበቅ እንበል፤ ኪሳችን የሚራቆተው እዚህ ነው። ወጪ ካላችሁ ወጪውን አሳዩን። በ14 ቀኑ ውስጥ የሚሰርዝን ሰው ማስከፈል የምትችሉት በሰጣችሁት ሽፋንና በእርግጥ ባወጣችሁት ወጪ ልክ ነው፤ ትርፍ አይታከልበትም። ሰነዱን የላከው ኮምፒዩተር፣ የሚሰርዘውም ኮምፒዩተር ከሆነ፣ የምትጠይቁን 30 ፓውንድ የማን ላብ ነው? ብሮከሩም በመሐል ገብቶ "የእኔ አይመለስም" ካለ፣ ምን ሠርቶ እንዳስከፈለን ይንገረን። በስልክ የተነገረ ድምር ሒሳብ አይባልም፤ እያንዳንዱ ፓውንድ ለምን እንደተቆረጠ በጽሑፍ ይምጣልን። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው ገንዘብ ነው፤ "እንዲሁ ነው አሠራራችን" ተብሎ አይወሰድም።

"14 ቀኑ አልፏል።"

ካለፈ ነገሩ ይከብዳል፣ አንክድም። ያኔ የሚገዛን በውሉ ላይ የተጻፈው የስረዛ ክፍያ ነው፤ ብዙ ጊዜ 50 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል። በዚያ ዓመት አደጋ ደርሶ ካሳ ከተጠየቀ ደግሞ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የዓመቱን አረቦን በሙሉ ይይዛሉ። ያም ሆኖ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ፍትሐዊ ያልሆነን የውል ቃል አያስከብርም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰው እንዙር። ቡና ቤት ቁጭ ብሎ "ምን አስጨነቀህ፣ ዳይሬክት ዴቢቱን ዝጋውና ተገላገል" የሚል መካሪ አለ። ወንድሜ፣ ይህ ምክር ከክፍያው ይብሳል! ክፍያው ሲቋረጥ ኩባንያው ራሱ ይሰርዝሃል። ከዚያ በኋላ የምትሞላው ፎርም "ኢንሹራንስ ተሰርዞብህ ያውቃል?" ይልሃል፤ በእውነት "አዎ" ስትል ዋጋው ይወጣል፣ አንዳንዱም አይቀበልህም። በገዛ ፈቃድህ ስትሰርዝ ግን ይህ ዕዳ የለብህም።

አሮጌውን ሰርዘህ አዲሱ እስኪጀምር ደግሞ "ለሁለት ቀን ማን ያየኛል?" ብለህ አትንዳ። አዲስ አበባ ትራፊኩ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ያያል፤ እዚህ ካሜራው ታርጋህን አንብቦ ከመረጃ ቋቱ ጋር ያመሳክራል። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት 300 ፓውንድ ቅጣትና 6 ነጥብ ነው፤ መኪናውም ሊወሰድ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ሁለት ዓመት ካልሞላህማ 6 ነጥቡ ፈቃድህን ያሰርዘዋል፤ ፈተናውንም እንደገና ትጀምራለህ። ቆሞም ቢሆን መኪናው ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ከመንገድ መውጣቱን ለመንግሥት አሳውቀህ ከመንገድ ውጪ ማስቀመጥ አለብህ። ስለዚህ አዲሱ የሚጀምርበትን ሰዓት ሳታረጋግጥ አሮጌውን አትልቀቅ።

"ቅሬታ ካለዎት መጻፍ ይችላሉ" ብለው ሊያሰናብቱን ሲሉስ?

እንጽፋለን! ኩባንያው በ8 ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ፣ ወይም መልሱ ካላረካን፣ ጉዳዩን ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው እንወስደዋለን፤ እሱ ከእኛ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶቻችንና አባቶቻችንም አስተርጓሚ ይጠይቁ። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የገዙበትን ቀን፣ የሰረዙበትን ቀን፣ የተቆረጠብዎትን ገንዘብ ይጻፉና "የወጪውን ዝርዝር አሳዩኝ" ብለው ይፈርሙበት፤ ቅጂውንም ያስቀሩ።